የትኛው ዓሣ? ከባህርይ ጥናት ወደ ደንብ ረቂቅ

«እሺ ዶክተር፣ እና አንቀጽ ስድስት ላይ ምን ብለን እንጻፍ?»

የጠየቁኝ የዓሣ ማጥመድ ደንቡን የሚያረቅቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። 20 ደቂቃ ሙሉ ስለ ዓሣ ባህርይ ሳወራ በትዕግሥት ሰምተውኛል። ጥያቄያቸው ከመሰልቸት የመጣ አልነበረም፤ ረቂቁን ፊታቸው ዘርግተው፣ እስክሪብቶ ይዘው፣ የምላቸውን ሊጽፉ ተዘጋጅተው ነበር። እኔ ግን የምሰጣቸው አንድ ዐረፍተ ነገር አልነበረኝም። ለዓመታት የሰበሰብኩት መረጃ፣ የሠራኋቸው ግራፎች፣ ያሳተምኳቸው ጽሑፎች ነበሩኝ፤ አንቀጽ ስድስት ውስጥ የሚገባ ነገር ግን አልነበረም። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብዬ ተቀመጥኩ። አመስግነውኝ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ፤ አንቀጹም እንደነበረ ቀረ።

ይህን የምጽፈው በዝግመተ ለውጥና በእንስሳት ባህርይ ሥነ ምህዳር ላይ ለምትሠሩ፣ ሥራችሁ ከጥናት መጽሔት ወጥቶ ብዝኃ ሕይወትን በሚጠብቅ ደንብ ውስጥ እንዲገባ ለምትፈልጉ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሦስት ረቂቆች ላይ ሠርቻለሁ። የተሳካልኝም ያልተሳካልኝም አለ፤ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

የማጠናው ዓሣ ጎጆውን አባትየው የሚሠራ ዓይነት ነው። የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ አሸዋውን በጅራቱ እየጠረገ ክብ ጎድጓዳ ቦታ ያዘጋጃል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ጥላለት ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ እንቁላሉን የሚጠብቀው፣ በክንፉ እያራገበ ንጹሕ ውኃ የሚያደርስለት፣ የተጠጋውን ሁሉ የሚያባርረው እሱ ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት እምብዛም አይበላም። ውኃው ላይ በሆዴ ተንሳፍፌ፣ መነጽሬን አጥልቄ፣ አንዱን ወንድ ለሰዓታት ሳየው እውላለሁ። ጣቴን ብቀስርበት እንኳ መጥቶ ይገፋኛል።

አንድ ጠዋት ስመለከተው የነበረው ወንድ በመንጠቆ ተያዘ። ያጠመደው ለመዝናናት የመጣ ሰው ነበር፤ ዓሣውን ለካው፣ ፎቶ አነሣው፣ ከዚያ በጥንቃቄ መልሶ ለቀቀው። ሁሉም ያለቀው በጥቂት ደቂቃዎች ነው። እኔ ግን ዓይኔ ጎጆው ላይ ነበር። ወንዱ ከሥፍራው እንደጠፋ ትናንሾቹ ዓሦች አንድ ሁለት እያሉ ቀረቡ፤ ከዚያ ወረሩት። አባትየው ሲመለስ አሸዋው ባዶ ነበር። ጎጆውን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ አፍንጫውን ወደ አሸዋው አስጠጋና ቆመ፤ ከዚያ ትቶት ሄደ።

ሰውዬው ሕግ አልጣሰም። ዓሣው ከዝቅተኛው ርዝመት በላይ ነው፤ ደግሞም በሕይወት ለቆታል። በመዝገብ ቢሰፍር «የተያዘ አንድ፣ የሞተ ዜሮ» ነው የሚባለው። የወደመው ጎጆ የሚሰፍርበት ዓምድ በመዝገቡ ላይ የለም።

ወደ ፖሊሲ የገፋኝ ያ ዓምድ ነው። የዱር እንስሳትና የዓሣ ሀብት ደንቦች አብዛኛውን ጊዜ ራስ ይቆጥራሉ፤ ስንት አለ፣ ስንት ይወሰድ፣ ስንት ይቅር። በደንቡ ዓይን አንዱ ዓሣ ከሌላው አይለይም። የእኛ ሙያ የሚናገረው ደግሞ በትክክል ይህን ልዩነት ነው፤ የትኛው ግለሰብ ተወሰደ፣ በምን ሰዓት፣ ሲወሰድ ምን እየሠራ ነበር፣ ለልጆቹስ ምን ያወርስ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ዴቪድ ፊሊፕና ባልደረቦቹ ባስ በሚባለው ዓሣ ላይ ለብዙ ዓመታት አንድ ሙከራ ሠርተዋል። በቀላሉ በመንጠቆ የሚያዙትን ለብቻ፣ የማይያዙትን ለብቻ እያራቡ ትውልድ ለትውልድ ተከታተሉ፤ በመንጠቆ የመያዝ ዝንባሌ በዘር የሚተላለፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ ለመያዝ የሚቀናቸው ወንዶች ብዙ እንቁላል የሚጣልላቸውና ጎጆአቸውንም በጀግንነት የሚጠብቁት እንደሆኑ ታየ። መንጠቆውን የሚነክሰው የሚያባርረው ነው። ስለዚህ በመራቢያ ወቅት ማጥመድ ጥሩዎቹን አባቶች መርጦ ይነካል፤ ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ደግሞ የሚቀረው ዘር ፈሪ አባት ያለው ይሆናል።

መረብም የራሱ ምርጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ ኮኖቨርና ስቴፋን መንች ሲልቨርሳይድ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በገንዳ አርብተው፣ ከአንዱ ቡድን ትልልቆቹን 90 በመቶ፣ ከሌላው ትንንሾቹን 90 በመቶ እያነሡ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። አራት ትውልድ ብቻ በቃ። ትልልቆቹ ሲነሡበት የቆየው ቡድን ዓሦች መጠናቸው ቀነሰ፤ ትንንሾቹ የተነሡበት ቡድን ዓሦች በአማካይ የእነዚያን እጥፍ ያህል መዘኑ። አሁን ይህን ከተለመደው ደንብ ጋር አስተያዩት። «ከዚህ ርዝመት በታች አትያዙ» የሚለው ደንብ ትንሹን ያድናል፤ ለትልቁ ግን ምንም አይልም። የተፈጥሮ ምርጫውን በራሳችን እጅ እንጽፈዋለን ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያን ቀን አውቅ ነበር፤ ያላወቅኩት እንዴት አድርጌ አንቀጽ ውስጥ እንደማስገባው ነው።

ከስብሰባው ስወጣ ረቂቁን ለመንኩ። ቤት ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳላነበው ገለጻ ማድረጌ ትልቁ ስሕተቴ ነበር፤ እናንተ አትድገሙት። አንቀጽ ስድስት ስለ ርዝመት ነው። ሌላ አንቀጽ ደግሞ ማጥመድ የሚከለከልበትን ወቅት ይወስናል፤ በአባሪው ላይ የተከለለ ቦታ ካርታ አለ። እኔ ካጠናሁት ነገር ሦስቱም ውስጥ የሚገባ አለ፤ ማንኛቸውም ግን ስለ «ባህርይ» ወይም ስለ «ዝግመተ ለውጥ» የሚናገር ቃል የለባቸውም። በሩ ሌላ ስም ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ገለጻ የምጀምረው ከረቂቁ አንቀጽ ነው፤ «አሁን እንዲህ ይላል፤ እንዲህ ቢል ይሻላል፤ ምክንያቱም» እላለሁ። ከ«ምክንያቱም» በኋላ የሚመጣው ነው የሳይንሱ ቦታ፤ እሱም አጭር ነው።

በሁለተኛው ዙር ለወቅቱ አንቀጽ ያቀረብኩት ሐሳብ በሳይንስ በኩል ንጹሕ ነበር። ዓሣው ጎጆ መሥራት የሚጀምረው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በውኃው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ክልከላው ውኃው የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ይጀምር አልኩ። አንዲት ለረጅም ዓመታት በጀልባ ቁጥጥር ላይ የሠሩ ሴት እጃቸውን አነሡ።

«ዶክተር፣ ሰውየውን ጀልባው ላይ ሳገኘው፣ ውኃው በዚያ ጠዋት ስንት ዲግሪ እንደነበር በምን ላረጋግጥ? እሱስ ከቤቱ ሲወጣ በምን ያውቃል?»

መልስ አልነበረኝም፤ ግን ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ማንኛውንም ሐሳብ ከማቅረቤ በፊት ያቺ ተቆጣጣሪ ጀልባው ላይ ቆማ፣ መለኪያ በእጇ ይዛ፣ እየመሸባት፣ ደንቡን ተግባራዊ ማድረግ ትችል እንደሆነ አስባለሁ። የማይታይ ነገር ላይ የተመሠረተ ደንብ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ይባስ ብሎ ተቆጣጣሪውንና አጥማጁን ያጣላል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የአንበሳ ነው። አዲስ ወንዶች አንድን መንጋ ሲወርሱ የቀደሙትን ወንዶች ግልገሎች ይገድላሉ፤ እናቶቹ ቶሎ ለመራባት ዝግጁ የሚሆኑት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አዳኝ አንድ ወጣት አባት ሲገድል የሚጠፋው አንድ አንበሳ ብቻ አይደለም፤ ግልገሎቹም ተከትለው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ካሪል ዊትማን፣ አንቶኒ ስታርፊልድ፣ ሄንሊ ኳድሊንግና ክሬግ ፓከር የሴረንጌቲን የብዙ ዓመት መረጃ ይዘው ባሳተሙት ስሌት፣ አደኑ ግልገሎቹን ለማሳደግ ጊዜ ባገኙ፣ ዕድሜያቸው ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ወንዶች ላይ ብቻ ቢወሰን የመንጋዎቹ ህልውና አደጋ ላይ እንደማይወድቅ አሳዩ። እስከዚህ ድረስ የባህርይ ጥናት ነው። የእነሱን ሥራ ለሕግ የሚመች ያደረገው የቀጠለው ነገር ነው፤ የአንበሳ አፍንጫ በልጅነቱ ሮዝ ነው፣ ዕድሜው ሲገፋ እየጠቆረ ይሄዳል። ስለዚህ በርቀት ማያ መነጽር የሚያይ ሰው ዕድሜውን ሊገምት ይችላል። ታንዛኒያ ዝቅተኛውን ዕድሜ ስድስት ዓመት አድርጋ ወደ ደንብ አስገባችው። በእርግጥ በሩቅ ሆኖ ዕድሜ መገመት አስቸጋሪ ነው፤ አደኑ ራሱ መኖር አለበት ወይ የሚለውም ሌላ ክርክር ነው። እኔ የማነሣው ስለ ድልድዩ ነው። ከግልገል ግድያ ተነሥቶ እስከ አፍንጫ ቀለም የሚደርስ ድልድይ ሠርተዋል። የእናንተ ጥናት የአፍንጫው ቀለም ምንድን ነው? ካልመለሳችሁት ገና ለስብሰባው አልደረሳችሁም።

እኛ ዘንድ አፍንጫው ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው ቦታ ነው፤ ሙቀቱን ትተን ወንዶቹ ጎጆ የሚሠሩበትን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ በተንሳፋፊ ምልክት ከለልነው፤ የሚከለከልበትንም ጊዜ ሞቃትም ቀዝቃዛም ዓመት ሊሸፍን በሚችል ስፋት በቀን ወሰንነው። ጥራቱ ቀነሰ፤ ግን ይሠራል። ሁለተኛው መለኪያው ላይ የሚደረግ ተጨማሪ መሥመር ነው። ወለል ብቻ የነበረው ርዝመት ጣሪያም እንዲኖረው ጠየቅን፤ መካከለኛው ይያዝ፣ ትንሹም ትልቁም ይለቀቅ።

ለጣሪያው የሚሆን ጥሩ ማስረጃ አለ። ብዙ ሰው አንድ ትልቅ ዓሣ ከብዙ ትንንሽ ዓሦች ጋር በክብደት እኩል ከሆነ በእንቁላልም እኩል ነው ብሎ ያስባል፤ የዓሣ ሀብት ስሌቶችም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አስበዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዲዬጎ ባርኔቼና ባልደረቦቹ 342 የባሕር ዓሣ ዝርያዎችን መርምረው ይህ በአብዛኞቹ ላይ እንደማይሠራ አሳዩ። ኮድ ከሚባለው የባሕር ዓሣ አንዲት 30 ኪሎ ግራም የምትመዝን የምትጥለው እንቁላል፣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ግራም የሆኑ 28 ኮዶች በአንድነት ከሚጥሉት ይበልጣል፤ የእነዚያ ድምር ክብደት ደግሞ 56 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ቁጥር በስብሰባ ላይ ስናገረው ሰዎች ቀና ሲሉ አያለሁ። ግራፍ አላሳይም፤ አንዲቷንና 28ቱን ብቻ እናገራለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሦስተኛው ረቂቅ ላይ የአዳኞች ተወካዮችም ነበሩ፤ እኔም ሰውን ለማሳመን ቸኩዬ የካናዳውን የራም ማውንቴን የዱር በግ ምሳሌ አመጣሁ። እዚያ ትልቅ ቀንድ ያላቸው ወንዶች ቀንዳቸው ለማሳያ እየተፈለገ ሲታደኑ በመቆየታቸው በትውልዶች ውስጥ የቀንዱ መጠን እንዳነሰ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። እኔ ነገሩን ያለቀለት አድርጌ፣ ሁሉንም ለውጥ በዝግመተ ለውጥ አስረዳሁት። አንዱ ተወካይ በጨዋነት አረመኝ። የበጎቹ ቁጥር ሲበዛ መኖው ስለሚያንስ ቀንድ በደንብ አያድግም፤ ስለ ለውጡ ፍጥነትም በተመራማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተካሂዷል። ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዳግም ትንተና በአደኑ የተነሣ የዘር ለውጥ መኖሩን አረጋግጧል፤ የአካባቢውንም ድርሻ ለይቶ አስቀምጧል። እኔ ግን ያን ልዩነት ዋጥኩት፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ በጥርጣሬ ተሰማ። በደንብ የማውቀውና እርግጠኛ የነበርኩበት ነገር ጭምር።

ስለዚህ ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ በመኖና በሙቀት የሚመጣን ለውጥና በዘር የሚወርድን ለውጥ ለይታችሁ ተናገሩ። ለፖሊሲ ልዩነቱ ከባድ ነው። የመጀመሪያው ምክንያቱ ሲወገድ ቶሎ ይመለሳል። ሁለተኛው አይመለስም፤ ወይም በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ኮኖቨርና መንች ምርጫውን አቁመው የተከታተሏቸው ሲልቨርሳይዶች ማገገም ጀምረው ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ግን ለመበላሸት ከፈጀባቸው የበለጠ ትውልድ እንደሚያስፈልጋቸው ነው የታየው። በኒውፋውንድላንድ አቅራቢያ የነበረው የኮድ ክምችትም ከመውደቁ በፊት ዓሦቹ ገና በለጋ ዕድሜና በትንሽ አካል መራባት መጀመራቸው በመረጃው ውስጥ ይታይ ነበር፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ትንተና አሳይቷል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 ማጥመዱን ስታግድ ግን ያ ምልክት አልፏል። ለኮዱ መውደቅ ዋናው ምክንያት ከልክ በላይ ማጥመዱ ነው፤ ዝግመተ ለውጡ ያን ጊዜ ማንም ያልሰማው የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። አሁን ይህን ነገር የማስረዳው በዚሁ መጠን ነው።

«እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ በሁሉም ስብሰባ ይመጣል። ድሮ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ስል ሐቀኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ውሳኔ ሰጪው የሚሰማው ግን «ይቆይ» የሚለውን ነው፤ መቆየቱ ራሱ ውሳኔ ነው፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ስብሰባው ላይ ያልተገኘው ነው። አሁን በሦስት ከፍዬ እመልሳለሁ። አባት ዓሣው ሲነሣ እንቁላሉ እንደሚበላ እርግጠኛ ነኝ። ይህ በጠቅላላው ቁጥር ላይ ምን ያህል እንደሚጎዳ የማቀርበው ከዚህ እስከዚህ ብዬ ነው። ለዚህ ውኃ የሚሆነው ትክክለኛ ርዝመት ስንት እንደሆነ ደግሞ ደንቡን አውጥተን በክትትል የምናስተካክለው ነው። ከዚያም ሁለቱን ስሕተቶች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ጣሪያው ባያስፈልግና ብናስገባው አጥማጁ ጥቂት ትልልቅ ዓሦች ያጣል፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ እናነሣዋለን። ቢያስፈልግና ባናስገባው የምናጣውን ለመመለስ ትውልዶች ይፈጃል። ሰዎች በዚህ አቀራረብ ይወያያሉ። ባይስማሙ እንኳ የማይስማሙበትን ነጥብ ያውቁታል።

የሰው ባህርይም ባህርይ ነው፤ እኛ የእንስሳቱን ስናጠና ይህን እንረሳለን። ዳርቻውን ስንከልል ጀልባዎቹ ከምልክቱ ውጭ ተደርድረው ቆሙ። ክልከላው በተነሣበት የመጀመሪያ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባ። ሁለቱንም መጠበቅ ነበረብን፤ ምግብ ፍለጋ የሚወጣ ማንኛውም እንስሳ የሚያደርገው ነው። ምልክቱን ገፋ አድርገን ማስቀመጥ፣ መክፈቻውንም ወንዶቹ ጎጆአቸውን ከለቀቁ በቂ ቀን ካለፈ በኋላ ማድረግ የነበረብን ቀድመን ነው፤ ያደረግነው በኋላ ነው።

ከአጥማጆቹ ጋር መነጋገርም የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት ሥራ፣ የጋራ ሀብት ተጠቃሚዎች ደንቡን በማውጣትና በመቆጣጠር ሲሳተፉ ሀብቱ ብዙ ጊዜ እንደሚጠበቅ ያሳየ ነው። ይህን አንብቤ ነበር፤ አልሠራሁበትም። አንድ አዛውንት አጥማጅ ጋ ሄጄ ስለ ጎጆው ሳስረዳቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ እሱ ዓሣ መንጠቆውን የሚነክሰው ርቦት አይደለም፤ ተቆጥቶ ነው» አሉኝ። ለዓመታት በመነጽር ያየሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። «አባባ፣ ይህን ስብሰባው ላይ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። መጥተው ተናገሩ። ያ ቃል ለረቂቁ በተዘጋጀው ማብራሪያ ውስጥ ገብቷል፤ ከእኔ ጽሑፎች ይልቅ እሱ ነው ሲጠቀስ የምሰማው።

ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ባጭሩ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ በር የምትፈልጉት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው የኩንሚንግ ሞንትሪያል የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ 23 ዒላማዎች አሉት። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከመሬቱም ከውኃውም 30 በመቶውን የመጠበቅ ዒላማ ሁሉም ያውቀዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው፤ በዝርያዎች ውስጥ ያለው የዘረመል ብዝኃነት እንዲጠበቅ ይጠይቃል፤ ከዋና አመልካቾቹም አንዱ የመራቢያ ውጤታማ ቁጥራቸው (በግምት፣ ዘራቸውን ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተላልፉት ብዛት) ከ500 በላይ የሆኑ ሕዝበ ዝርያዎች (እርስ በርስ የሚራቡ የአንድ ዝርያ ቡድኖች) ድርሻ ነው። የዘረመል ምርመራ የሌለው ተቋም ይህን ሲያይ ይደነግጣል። መንገድ አለው፤ ውጤታማው ቁጥር በግምት ከአዋቂዎቹ አንድ አሥረኛ ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ 5,000 ገደማ አዋቂዎች አሉ ወይስ የሉም ብሎ በቆጠራ መጀመር ይቻላል። የእናንተ ዕውቀት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ወንዶች ብቻ ብዙ ሴቶችን በሚያስረግዙበት ዝርያ ውጤታማው ቁጥር ከዚያ ግምት ሊያንስ ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው የጋብቻ ሥርዓታቸውን ያጠና ሰው ነው። ተቋማት ለዚህ ማዕቀፍ ሪፖርት ሲያዘጋጁ ሰው ይፈልጋሉ፤ በዚያ ወቅት ስልክ ደውሉ።

የተሰዳጅ እንስሳት ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ውሳኔ አንዳንድ እንስሳት፣ በተለይ ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች፣ ከሌሎቻቸው የሚማሩት ዕውቀት በጥበቃ ሥራ ውስጥ ግምት ውስጥ እንዲገባ ጠይቋል። ከሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው፤ አሮጊቷ የዝሆን መሪ እንደምታውቀው የውኃ ጉድጓድ መንገድ ያለ፣ አንዱ ከሌላው የሚማረው ዕውቀት ለጥበቃ ዋጋ እንዳለው መንግሥታት የተስማሙበት ሰነድ ተቀብሏል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐሳባችን ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የኒውዚላንድ ካካፖ አለ። መብረር የማይችል ትልቅ በቀቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀሩት 51 ብቻ ነበሩ። እንዲራቡ ብለው ተጨማሪ ምግብ ሲሰጧቸው ሴቶቹ ወፈሩ፤ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግን ወንድ እየሆኑ አስቸገሩ። ሮበርት ትሪቨርስና ዳን ዊላርድ እ.ኤ.አ. በ1973 በጥሩ አቋም ላይ ያለች እናት ወንድ ወደ መውለድ እንደምታደላ ተንብየው ነበር። ጠባቂዎቹ ያንን ይዘው አመጋገቡን አስተካከሉ፤ ከመራባት በፊት ክብደታቸው ከልክ በላይ እንዳይሄድ አደረጉ፤ የጾታው ሚዛንም ተስተካከለ። ዛሬ ወፎቹ ከ200 በላይ ናቸው። ያ ንድፈ ሐሳብ ሲጻፍ ስለ ጥበቃ ያሰበበት አልነበረም፤ የተጠቀሙበት ሰዎች ግን ወፍ የሚመዝኑ ሰዎች ነበሩ።

ከጠየቅናቸው ነገሮች የዳርቻው ክለላ እንደቀረበ አለፈ። የርዝመቱ ጣሪያ ወደቀ። አጥማጆቹ ትልቅ ዓሣ መልቀቅን አልተቀበሉትም፤ ልክ ነበሩ ማለት እችላለሁ፣ ምክንያቱም ምን እንደሚያገኙ ሳንነግራቸው ምን እንደሚያጡ ነበር የነገርናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ክፍል ላይ ብቻ፣ ለሙከራ፣ ራሳቸው አጥማጆቹ ተስማምተውበት ተጀመረ። ትልልቆቹን ለክተው የሚመዘግቡትም እነሱ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ያቺ የጀልባ ተቆጣጣሪ ደወሉልኝ። ሁለት መሥመር ያለው አዲሱ መለኪያ እጃቸው ላይ ነበር፤ መለኪያው ላይ የተጋደመው ዓሣም ልክ በላይኛው መሥመር ላይ ያረፈ። የጅራቱን ጫፍ ከወሰዱ ያልፋል፤ የጅራቱን ሹካ፣ ማለትም ጅራቱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ፣ ከወሰዱ አያልፍም። «የቱን ነው የምይዘው?» አሉኝ። ሰነዱን ገልጬ አየሁ፤ «ርዝመት» ብቻ ነው የሚለው። ዓሣውን እንዲለቁት ነገርኳቸው። አሁን ከፊቴ ያለው የማሻሻያ ሐሳብ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ርዝመት ማለት አፉ ተዘግቶ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ሹካ ድረስ የሚለካ ነው የሚል። ነገ ጠዋት ለሰብሳቢው እልከዋለሁ፤ የሚገባው አንቀጽ ስድስት ላይ ነው።